ከዊንዶውስ 10 በኋላ፦ የወልቂጤና የቡታጅራ ጽሕፈት ቤቶችና ጌም ቤቶች ምን ይምረጡ?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ። በወልቂጤ መናኸሪያ ዙሪያም ሆነ በቡታጅራ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ሲሠሩ ዋሉ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ማተሚያውም አልቆመም። ችግሩ ይህን ያህል ድምፅ አልባ በመሆኑ ብዙዎች ገና አላስተዋሉትም። ከዚያ ዕለት ወዲህ በሥርዓቱ ውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ ግን ማራዘሚያ ላልወሰደ ተጠቃሚ አይደፈንም። ለግለሰቦች የተዘጋጀው የአንድ ዓመት ማራዘሚያም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ከፍላሽ ተገልብጦ በ«ክራክ» ለሚሠራ ማሽን የታሰበ አይደለም።

ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ለብዙዎቹ ቤቶች ቀላል መንገድ አይሆንም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ሥርዓት ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። በኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። በየሱቁ የምናያቸው፣ ከውጭ አገር ያገለገሉ ሆነው የገቡት ባለ 4ኛና ባለ 6ኛ ትውልድ ማሽኖች እንግዲህ ከመስመሩ ውጭ ናቸው። ክልከላውን ማለፊያ ዘዴ መኖሩ ይታወቃል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ለተጫነ ሥርዓት ኩባንያው ቀጣይ ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይገባም።

ስለዚህ የሱቅ ባለቤቶች «ሊኑክስ ይሻለን ይሆን?» ማለት ጀምረዋል። ጥያቄውን ተከትለው የሚመጡት ሁለት ጥያቄዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ወርድ አለው? ጌም ያጫውታል? ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ሆኖም በእኔ እምነት ከሁለቱም መቅደም የሚገባው ጥያቄ አይነሣም። በኮምፒውተሩ ውስጥ የተከማቸው የአማርኛ ሰነድ በምን ፊደል ተጻፈ?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ገጽ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒውተሩ የላቲን ምልክቶች ክምር ነው። ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት እውነተኛ መልኩ ይገለጣል። አንድ ጊዜ የጥናቴን ምዕራፍ ለማስጠረዝ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ይዤ ሄጄ፣ አርባ ገጽ ያህሉ ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ጥፋቱ የቤቱ አልነበረም። ሌላ ቦታ ያስተየብኩትን ጽሑፍ በምን ፊደል እንደተጻፈ ሳልጠይቅ የተቀበልኩት እኔው ነኝ።

አሮጌውን ፊደል ወደ ሊኑክስ ገልብጦ ሰነዱን እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ይህ ግን በሽታውን ሳያክሙ ማስታገሻ እንደ መስጠት ነው። በሰነዱ ውስጥ ቃል መፈለግ አይቻልም፤ ቀድቶ በቴሌግራም መላክም አይቻልም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም። ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ የቀየረ ቤት ዊንዶውስንም ሊኑክስንም በነጻነት ይመርጣል። ያልቀየረ ቤት ምርጫው የእርሱ አይደለም፤ የአሮጌው ፊደል ነው።

ጉዳዩ በጉራጌ አካባቢ ተጨማሪ ክብደት አለው። በሴፕቴምበር 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራግኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨምሯል። የተቀመጡትም ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ የፊደል ፋይል አያውቃቸውም፣ አንዳንድ የቆየ ፕሮግራምም በአግባቡ አያስተናግዳቸውም። በእነዚህ ፊደላት የተዘጋጀ የጉራግኛ የትምህርት ጽሑፍ ባልታደሰ ማሽን ላይ ሲከፈት፣ በቃሉ መካከል ባዶ ሣጥን ይታያል። ሊኑክስም ቢሆን በዚህ ረገድ ተአምር አይሠራም፤ ፊደላቱን የያዘ ፋይል ተፈልጎ መጫን አለበት። ልዩነቱ ሥርዓቱን ወቅታዊ ማድረግ ገንዘብም ሆነ አዲስ ማሽን አለመጠየቁ ነው።

ለቢሮ ሥራ ብቻ ለሚውል አሮጌ ማሽን እንግዲህ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ሊኑክስ ይጫንበት። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ድጋፍ አለው፤ በ4 ጊጋባይት ራምም በደህና ይሠራል። አብሮት የሚመጣው ሊብረኦፊስ የወርድ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ሠንጠረዥና የደብዳቤ ራስጌ አልፎ አልፎ ከቦታው እንደሚንሸራተት ግን መደበቅ አይገባም። ትልቁ እንቅፋት በጸሐፊዋ ጣቶች ላይ ያለው ልማድ ነው። ዓመታት በፓወር ግዕዝ የቁልፍ አቀማመጥ የጻፈች ባለሙያ በአንድ ሳምንት ወደ ሌላ አትዞርም። ኪይማን የተባለው ነጻ የመጻፊያ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ ልምምዱን ሥርዓቱ ከመቀየሩ በፊት እዚያው ዊንዶውስ ላይ መጀመር ይቻላል። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ቢሮ ግን ለዚያ ሥራ አንድ የታደሰ ዊንዶውስ ማሽን ማቆየት ይኖርበታል፤ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነውና።

«ክራኩ እያለ ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ቢሆንም ባለሱቁን የበለጠ ሊያሳስበው የሚገባው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ክራክ ሲጫን የጸረ ቫይረስ ጥበቃው እንዲጠፋ ይጠየቃል፤ በዚያው ማሽን ላይ ደግሞ የሰው መታወቂያ፣ የጋብቻ ውልና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይቃኛል።

ጌም በተመለከተ ፍርዴ ይለያል። ቫልቭ ፕሮቶንን በ2018 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ መሥራት ችለዋል። የቆዩ የፔስ እትሞችና ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የመሳሰሉት በአሮጌ ማሽን ላይም ይሞከራሉ። የእኛ ወጣት ግን አዲሱን የእግር ኳስ ጨዋታ ይፈልጋል፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ አርትስ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ከፊፋ 23 ጀምሮ ይዘውት የመጡት የማጭበርበር መከላከያ ሊኑክስን አይቀበልም፤ ፎርትናይትና ቫሎራንትም እንዲሁ። ስለዚህ ለጌም ቤት ባለቤት «ሊኑክስ ጫንና ሁሉም ይሠራል» ብሎ መምከር ማታለል ነው። ጌም ቤቱ ዊንዶውስ ይያዝ።

የምቃወመው ቀን ቀን ማመልከቻ የሚጻፍበት ማሽን ማታ ማታ ምንጩ ያልታወቀ ጨዋታ የሚጫንበት መሆኑን ነው። ባለቤቱ ሁለት ማሽን ካለው አንዱን ለጨዋታ ይተው፤ በዚያ ላይ የደንበኛ ፍላሽ አይሰካ፣ ሰነድም አይቀመጥ። አንድ ብቻ ካለው ሁለት ዲስክ ገጥሞ፣ ዊንዶውስን በአንዱ ሊኑክስን በሌላው ማኖር ይችላል። ይህ ፍጹም መከላከያ አይሆንም፤ ከዛሬው አሠራር ግን በእጅጉ ይሻላል።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» ለሚለው፣ ጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። የኮምፒውተር ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ከሚሰጧቸው ሥራዎች አንዱ የአንድ ጽሕፈት ቤትን አሮጌ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መቀየርና ውጤቱን ከጸሐፊዋ ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ቢሆን፣ ጥሩ የጥናት ርእስም ይወጣዋል። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን ሥርዓተ ነጥብንና ቁጥርን ሲያዛቡ ስለሚታዩ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። ሥራው መጀመር ያለበትም በቤቱ ውስጥ ካለው እጅግ ያረጀ ፎልደር ነው፤ ፊደሉ የተጫነበት የመጨረሻው ማሽን ሳይበላሽ።