ከ52 ወደ ዜሮ፦ የመረራ ጉዲና የምርጫ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በእኛ ትምህርት ክፍል የምርጫ ነገር በተነሳ ቁጥር ተማሪው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ተወው ባክህ፣ ምርጫ እዚህ አገር ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዘጠና ሰባትን ረሳኸው እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። የሚገርመው ነገር ሁለቱም ወገኖች ለክርክራቸው ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ ፕሮፌሰር መረራ ጉዲናን። የመጀመሪያው «ያን ሁሉ ዓመት ተወዳድረው ምን አገኙ?» ይላል። ሁለተኛው «ሕዝቡ መርጦ ፓርላማ አላስገባቸውም ወይ?» ይላል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የኚህን ሰው የምርጫ ታሪክ በቅደም ተከተል አስቀምጬ የራሴን አስተያየት ለመስጠት እሞክራለሁ። የፓርቲያቸው ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ ሆኜ አይደለም የምጽፈው። እንደ እኔ እምነት ግን የአንድ ተመራጭ ታሪክ በወንበር ብዛት ብቻ ሲለካ ስለ ሰውየው የሚነግረን ጥቂት ነው። አብዝቶ የሚነግረን ስለ ምርጫ ሳጥኑ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ወንበር የመራጩ አደራ እንጂ የፖለቲከኛው የግል ንብረት አይደለም። ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ ገዢውንም ተቃዋሚውንም የምትነካ ስለሆነች ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ሰውየው ማን ናቸው?

መረራ ጉዲና የተወለዱት እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ ቶኬ ኩታዬ ነው። ከአምቦ ወጣ ብሎ በጉደር በኩል ያለው አገር ማለት ነው። የተማሪዎች ንቅናቄ ባፈራው ትውልድ ውስጥ አድገው በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል ታስረዋል። ከእስር በኋላ በካይሮ፣ ቀጥሎም በኔዘርላንድ ዘ ሄግ ተምረው በፖለቲካ ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዓመታት ፖለቲካል ሳይንስ አስተምረዋል። ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩትን ነገር ሜዳ ወርደው ከሞከሩት ጥቂት መምህራን አንዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1988 ዓ.ም የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኦብኮ) ተመሠረተ፣ እሳቸውም መሪው ሆኑ። መንገዱ ሰላማዊ ትግልና ምርጫ ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንዱ ጫካ፣ አንዳንዱ ውጭ አገር በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። ከመንግሥት በኩል «ፀረ ሰላም» ከሌላው በኩል ደግሞ «ለዘብተኛ» የሚያስብል መሐል መንገድ ነበር።

ቁጥሮቹን እንያቸው

በ1992 ዓ.ም ምርጫ ኦብኮ ያገኘው አንድ የፓርላማ መቀመጫ ብቻ ነበር። ከዚያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም መጣ። ኦብኮ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት (ኅብረት) ስም ተወዳደረ፤ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ነበሩ። በመጨረሻው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴን ደግሞ 11 አገኙ። ከኅብረት 52 መቀመጫዎች ትልቁን ድርሻ ያመጣው ኦብኮ ነበር። መረራም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ።

በ2000 ዓ.ም የአካባቢ ምርጫ ኅብረት በእጩዎቹ ላይ ጫና ደርሷል ብሎ ራሱን አገለለ። በ2002 ዓ.ም ምርጫ ተቃዋሚዎች መድረክ በሚባል ስብስብ ቀረቡ። ውጤቱ ምን ሆነ? ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545፣ መድረክ 1፣ የግል ተወዳዳሪ 1። ያቺ አንዷ የመድረክ ወንበር የአዲስ አበባ ነበረች። መረራ ከምክር ቤት ወጡ። በ2004 ዓ.ም የመረራና የቡልቻ ፓርቲዎች ተዋህደው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) ሆኑ። ግንቦት 2007 ዓ.ም ኦፌኮ በመድረክ ሥር ተወዳደረ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱት። አንድም አልቀረም።

እንግዲህ እስቲ በሰከነ ልብ እናስብ። ከ1997 እስከ 2002 ያለው አምስት ዓመት ብቻ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ የአምቦና የጉደር፣ የጊንጪና የጀልዱ መራጭ አልሞተ፣ አገር ለቆ አልሄደ። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፣ እሱ ልክ ነው። ነገር ግን በመላ አገሪቱ ከመቶ ሰባ በላይ ተቃዋሚ ወንበሮች በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ሲወርዱ «ሕዝቡ ሐሳቡን ለወጠ» ብሎ ማለፍ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ መልስ አይሆንም።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ ከአንድ ወገን ነው ማለቴ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ያስቀመጠው አብላጫ ድምፅ ያገኘው ተወዳዳሪ የሚያልፍበትን ሥርዓት ነው። ሁለተኛ የወጣው ድምፅ ምንም ያህል ቢበዛ ወንበር አይሆንም። እንዲህ ባለ ሥርዓት የሚከፋፈል ተቃዋሚ ራሱን ይጎዳል። ተቃዋሚዎቻችንም በመከፋፈል የታወቁ ናቸው። ኦብኮ ራሱ ከ1997 ምርጫ በኋላ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስሙን ምርጫ ቦርድ ለሌላው ወገን ስለሰጠው እነ መረራ የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ የሚል ሌላ ስም ይዘው እንደገና ለመጀመር ተገደዱ። አርሶ አደሩ መራጭ በ1997 የለመደውን ስም በ2002 ሌላ ሆኖ ነው ያገኘው።

ምክር ቤት መግባት ክህደት ነበር?

ከ1997 ምርጫ በኋላ በሰኔ እና በጥቅምት በተነሳው ግጭት አጣሪ ኮሚሽኑ እንደገለጸው 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞተዋል። የቅንጅት መሪዎች ምክር ቤት አንገባም ብለው ኋላም ታሰሩ። የኅብረት የአገር ቤት መሪዎች ግን ገቡ። በዚህ ምክንያት ውጭ ያለው የኅብረት ክንፍ ተቆጣ፤ «የደም ወንበር» ላይ ተቀመጡ ብሎ የወቀሳቸውም ነበር። ተሰናባቹ ምክር ቤት ደግሞ ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን ቀይሮ አጀንዳ ለማስያዝ የአብላጫውን ድጋፍ የሚጠይቅ አድርጎት ነበር። ታዲያ አጀንዳ እንኳ ማስያዝ በማይቻልበት ቤት መግባት ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ዛሬም ይነሳል።

የእኔ መልስ፦ መግባታቸው ትክክል ነበር። ለምን ቢሉ፣ ያ ወንበር የመረራ አልነበረም። ማለዳ ተነስቶ፣ ሰልፍ ቆሞ፣ ምናልባትም ቀበሌው እያየው ድምፁን የሰጠ የገበሬ ወንበር ነበር። እሱ «ሂድና ተናገርልኝ» ብሎ ልኳል። ተወካዩ «ቤቱ አልተመቸኝም» ብሎ ከደጅ ቢመለስ የላኪውን ቃል ማን ያደርስለታል? አምስት ዓመት ሙሉ ተቃዋሚው አንድም ሕግ አላስለወጠም ይባል ይሆናል። ቢሆንም ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ፊት ለፊት ተጠይቀው መልስ ለመስጠት ተገደዱ። ለአገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከወንበር ወደ መንገድ

ወንበሩ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከማንም በላይ ደንዲ ያውቃል። 547ቱም ወንበር በአንድ ወገን የተያዘው ግንቦት 2007 ላይ ነው። ከስድስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጊንጪ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሳ። መነሻው የጪሊሞ ደንና የትምህርት ቤት ሜዳ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጥያቄ ጋር ተያይዞ ኦሮሚያን በሙሉ አዳረሰ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፋ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ፣ ተቃውሞው ግን አልቆመም።

እስቲ አስቡት፤ የአንድ ደንና የአንድ ሜዳ ጉዳይ እኮ የወረዳ ምክር ቤት አጀንዳ ነው! ቢከርም አንድ የፓርላማ አባል በጥያቄ ሊያነሳው የሚችል ነገር ነው። የሚናገርለት ሰው በየትኛውም ምክር ቤት ስላልነበረ መንገድ ላይ ወጣ። ተቃውሞው የተነሳው በዚህ ብቻ ነው አልልም። የመሬት ጥያቄው፣ የሥራ አጡ ብዛት፣ በ2006 በአምቦ የፈሰሰው ደምም አለበት። ነገር ግን ድምፅ መውጫ ሲያጣ መስኮት ሰብሮ እንደሚወጣ ጊንጪ ለኢትዮጵያ አሳይታለች።

መረራም በዚያው ማዕበል ውስጥ ገቡ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ብራስልስ ሄደው በአውሮፓ ፓርላማ ተናገሩ። የዚሁ የምዕራብ ሸዋ ልጅ የሆነው አትሌት ፈይሳ ሌሊሳም እዚያው ነበር። ሲመለሱ ኅዳር 2009 ላይ ታሰሩ፤ ከዓመት በላይ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። እንግዲህ የአገራቸው ምክር ቤት በር ቢዘጋባቸው የሰው አገር ምክር ቤት ነው የሰማቸው። ይህ ለአንድ አገር የሚያኮራ ነገር አይደለም።

የ2013ቱ መውጣት

ከለውጡ በኋላ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ነገር ግን ሰኔ 2012 ላይ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የኦፌኮ አመራሮች የሆኑት አቶ በቀለ ገርባና አቶ ጃዋር መሐመድ ታሰሩ። ፓርቲው ጽሕፈት ቤቶቼ ተዘጉ፣ አባሎቼ ታሰሩ ብሎ ከ2013 ምርጫ ወጣ። የኦሮሞ ነፃነት ግንባርም አልተወዳደረም። ብልጽግና ከተገለጹት 436 መቀመጫዎች 410 ወሰደ። በኦሮሚያ ብዙ የምርጫ ክልሎች መራጩ የቀረበለት ውድድር ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ጓደኞቼ ጋር የማልስማማው። መሪዎቹ የታሰሩበት፣ ቢሮው የተቆለፈበት ፓርቲ «ለምን አልተወዳደርክም?» ተብሎ ሲወቀስ ፍትሕ አይደለም። ዋናው ተጠያቂ ሜዳውን ያጠበበው ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ በ1998 ምክር ቤት መግባት ትክክል ነበር ካልን በዚያው ሚዛን 2013ንም መመዘን አለብን። ያኔ «ወንበሩ የመራጩ ነው» ብለናል። ታዲያ የእጩነት ቦታውስ የመራጩ አይደለም? ፓርቲው ሲወጣ አብሮ የወጣው የደንዲ መራጭ ምርጫ ነው። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ መምረጥ መብቱ ነው ተብሎ የሚመርጠው ግን አጣ።

ከጎረቤት አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ኬንያዊው ራይላ ኦዲንጋ እ.ኤ.አ. በ2017 በምርጫ ተሸነፉ ሲባሉ ፍርድ ቤት ሄዱ። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ምርጫውን ሰረዘው። በድጋሚው ምርጫ ግን አልወዳደርም ብለው ወጡ፤ ኡሁሩ ኬንያታ በ98 በመቶ አሸነፉ። ከሁለቱ ውሳኔዎች በታሪክ የሚጠቀሰው የቱ ነው? የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም ማስረጃ አቅርቦ ውሳኔ አስገኝቷል። እኛ ጋ እንዲህ የሚዳኝ ፍርድ ቤት አለ ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ያልተከሰሰ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ነፃ ይሁን አይሁን አይፈተንበትም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ፖለቲከኞቹን መተቸት ቀላል ነው፤ የእኛ ድርሻ ግን ሌላ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ውጤት በየምርጫ ጣቢያው እንዲለጠፍ ያዛል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ዝናብ ሲመታው ይረግፋል፤ የሚያስታውሰውም የለም። የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲያጣ ከሩቅ አገር ንድፈ ሐሳብ ከመገልበጥ ይልቅ ከጊንጪ፣ ከአምቦ፣ ከጉደር አንዱን የምርጫ ክልል ወስዶ ከ1987 እስከ 2013 ማን ተወዳደረ፣ ማን ስንት ድምፅ አገኘ፣ ማን ለምን ወጣ ብሎ ቢመዘግብ ምን አለበት? መምህሮቻችንም ይህን ቢያበረታቱ መልካም ነው። ሽማግሌዎቹ በሕይወት አሉ፣ ታዛቢ የነበሩት አሉ። ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።

ይህ ሥራ ቢሠራ ክርክራችን ይለወጣል። «ምርጫ ዋጋ የለውም» የሚለው ልጅ በ1997 የራሱ ወረዳ ሰዎች ምን እንዳደረጉ በቁጥር ያያል። «ዘጠና ሰባትን አስታውስ» የሚለውም በ2002 ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቀጣዩ እጩም፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ የሚያስታውስና መዝግቦ የያዘ መራጭ እንዳለ ያውቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? የወንበሩ ባለቤት መራጩ ነው። ባለቤትነቱ የሚከበረው ደግሞ ድምፁ የት እንደደረሰ መቁጠር ሲጀምር ነው።