ካርዱ ይቆይ፤ ልቡ ይቅደም

ደረቱን በእጁ ደግፎ፣ ላብ አጥምቆት ሆስፒታል የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላል። የልቡ የደም ሥር ተዘግቶ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም ሆነ የደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ መክፈት በእጅጉ የሚጠቅመው ጊዜ ሳያልፍ ነው፤ የሞተ የልብ ጡንቻ አይመለስምና።

ይህን ሰው መጀመሪያ የምትቀበለው ነርሷ ናት። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ይዘልቅ እንደ ሆነ ትጠይቃለች፤ የደም ግፊቱንና ትንፋሹን ትለካለች። በ10 ደቂቃ ውስጥም ኢሲጂ የተባለው የልብ ምርመራ ተነሥቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሚከለክል ምክንያት ከሌለ አስፕሪን ይታኘካል። ኦክሲጅን ግን ለሁሉ አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ90 በመቶ በታች ለወረደበት ነው። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ደረታቸውን ሳያማቸው በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጡ እንደሚችሉም አይዘንጋ።

እኛ የምንለው፣ ካርድ ማውጣትና ገንዘብ መክፈል ከዚህ በኋላ ይድረስ ነው። ነርሷ ተራ ሳታስጠብቅ ምርመራውን እንድታስጀምር ኃላፊዎች ሥልጣኑን ይስጧት፤ መሣሪያውም ከድንገተኛ ክፍል አይታጣ። አለዚያ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» መሆኑ ነው።