ልጅን ዝም ማሰኘት ጨዋነት ነውን?

በቤቴ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ አለች፤ ከማለዳ ጀምራ እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ አፏ አያርፍም። ጀበናው ሲንተከተክ በሆዱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንዳለ፤ የሚያጉረመርመውም ቡናው ስለ መረረው እንደ ሆነ ትነግረናለች። በክረምት ማለዳ ከእብናት በላይ ባለው ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ ይህ የተራራው ጋቢ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አጥፎ ያስቀምጠዋል ትላለች። ወዴት እንደሚያስቀምጠው ግን እኔ እንድነግራት ትሻለች።

ይህን የምጽፈው ልጄን ለማስመስገን አይደለም። ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት እናት፤ «የዚችን ልጅ አፍ ካልገታችሁት ነገ በሰው ፊት ታዋርዳችኋለች» ስላሉኝ ነው። አብሮ የነበረ አንድ ወዳጄም «ውሸት እያስተማርሃት ነው» አለኝ፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለውንም ምሳሌ ጨመረበት። ስለ እራቱ እውነቱን ነው። ነገር ግን ሊጡን እንዳይነካ ተከልክሎ ያደገ ልጅ ማቡካትን በስንት ዓመቱ ሊማር ነው?

ስለ ውሸት ለተባለው እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ልጄ እንስራ ሰብራ «ድመቷ ናት» ባለችኝ ቀን ተቈጥቻለሁ፤ ያ ከቅጣት ለመዳን የተነገረ ውሸት ነውና። የጀበናው ሽማግሌ ግን ማንን አታለለ? ማንንስ ጐዳ?

ደግሞስ እኛ የማን አገር ሰዎች ነን? በጎንደርና በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍርበታል። በሰሙ አንድ ነገር ተናግሮ በወርቁ ሌላ ነገር ቢያስብ ሊቅ ይባላል እንጂ ውሸታም አይባልም። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሃናም በትልልቅ ሰዎች ፊት አፋቸውን ስላልገቱ ነው ቀልዳቸው እስከ ዛሬ በየቤታችን የሚወራው። በሽማግሌው ቀልድ እየሳቅን የሕፃኑን አፍ በጥፊ እንዘጋለን፤ እኒያ አለቃ ግን ከእናታቸው ማኅፀን ጠምጥመው አልወጡም።

በእውነቱ እኔም እደክማለሁ። «ተይኝ እስቲ» ያልሁባት ማታ ብዙ ነው፤ ጉሙ ሌሊት የት ያድራል ብላ ስትጠይቀኝ የተኛሁ መስዬ ያለፍሁበትም አለ። የወላጅን ድካም አልነቅፍም። የምነቅፈው ድካማችንን ጨዋነት ብለን መጥራታችንን ነው።

የዝምታውን ዋጋ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በእብናት ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመጠለያው የነበሩ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በግድ እንዲበተኑ ተደረገ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትናንት በሕዝብ የተሞላው ሜዳ ባዶ ሆኖ ባየሁ ጊዜ አባቴን «ሰዎቹ ወዴት ሄዱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አባቴም «ዝም በል! ልጅ ይህን አይጠይቅም» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር፤ ዘመኑም የሚያስፈራ ነበረ። እኔ ግን ቃላቸውን እንደ ሕግ ይዤ ኖርሁ። ፍርሃቱ ካለፈም በኋላ ሰው ሆኜ ከጎናቸው በተቀመጥሁባቸው ብዙ ዓመታት ያንን ጥያቄ ደግሜ አላነሣሁትም፤ እርሳቸውም ሳይነግሩኝ ዐረፉ።

በዚህ ዓመት ከልጄ ጋራ በዚያው ሜዳ በኩል ስናልፍ «አባየ፤ እዚህ ማን ይኖር ነበር?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው የአባቴ ቃል ነበረ። ዋጥሁትና ለዕድሜዋ በሚሆን ቃል የማውቀውን ነገርኋት፤ እንግዶች እንደ ነበሩ፤ ተርበው ከሩቅ እንደ መጡ፤ ሳይወዱ እንደ ሄዱ። እርሷም ጥቂት መንገድ ዝም ብላ ከሄደች በኋላ ስማቸውን ጠየቀችኝ። እኔ አንዱንም አላውቅም፤ ምናልባት የሚያውቁት አባቴ ነበሩ።