የረጪው ደም አስቀድሞ ይለካ

የዋግ ኽምራ ገበሬ ማሽላውንና ጤፉን ከተምች፣ ጎተራውን ከነቀዝ ለማዳን ፀረ ተባይ ኬሚካል ይጠቀማል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን በወረረበት ወቅትም ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ የተባሉት ኬሚካሎች ተረጭተዋል። ምን ያህል ሰብል እንደ ተረፈ ሲጠየቅ፣ የረጪው ጤንነት እንዴት እንደ ሰነበተ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ኬሚካሉ በተለምዶ «መድኃኒት» ይባላል እንጂ መርዝ ነው። ከርጭት በኋላ ራስ ሲያም፣ ላብ ሲያጠምቅና ዓይን ብዥ ሲል፣ ምች ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ይሁን እንጂ ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት ኬሚካሎች የነርቭን ሥራ የሚያስተካክለውን ኮሊንኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያዳክማሉ። ይህ ኢንዛይም በደም ውስጥም ስለሚገኝ፣ መጠኑን በመለካት ሕመሙ ሳይጸና መርዙ ወደ ሰውነት መግባቱን ማወቅ ይቻላል። ምርመራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን ከባልደረባቸው ጋር የእርሻ ሠራተኞችን ደም በዚሁ መንገድ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው። የኢንዛይሙ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ መነሻው ከርጭት በፊት ካልተለካ የኋላው ውጤት ብዙ አይናገርም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደንብ መሠረት፣ በቀይ የደም ሴሉ ውስጥ ያለው መጠን ከራሱ መነሻ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሠራተኛ ከርጭት ሥራ ይነሣል፤ የሚመለሰውም 80 በመቶ ሲደርስ ነው። ማገገሙ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ «ዛሬ ተሽሎኛል» ብሎ በማግሥቱ መርጫ የሚሸከም ሰው ጉዳት በጉዳት ላይ ይደርብበታል። ምርመራው ግን ሁሉን አያሳይም፤ ቱፎርዲን የመሳሰሉ ፀረ አረሞች የሚያደርሱት ጉዳት በዚህ አይታወቅም።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ረጪዎችን ከወዲሁ መዝግበው፣ ከወረዳው የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር በመመካከር፣ መነሻው ልኬት በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ናሙናው ሊላክበት በሚችል ቤተ ሙከራ እንዲካሄድ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ይህ እስኪሟላ ድረስ ምራቁ የበዛ፣ ያስመለሰው፣ የተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ረጪ ልብሱ ወልቆ፣ ገላው በውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ ከኬሚካሉ መለያ ጽሑፍ ጋር በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሐኪሙ የሚሰጠውን ሕክምና የሚለየው መርዙን ሲያውቅ ነውና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሰብሉን የሚጠብቅ ሁሉ የሰብሉን ባለቤት አስቀድሞ ይጠብቅ።