የውሃ ወፍጯችን ታደሰ፤ ታሪኩንስ ማን ይጻፈው?

ሰሞኑን ስለ ነቀዝና ስለ ጎተራ አያያዝ እንድጽፍ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣበታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ወፍጮ ነው። ስለ ናፍጣው አይደለም፣ ወንዙ ዳር ስለታደሰው የውሃ ወፍጮ ነው።

ከሌላ ቀበሌ ሆናችሁ ለምታነቡ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ይህ ወፍጮ የናፍጣው ከመጣ ወዲህ ቆሞ ነበር። ናፍጣ ሲወደድ ወጣቶች ተደራጁ፣ አንድ ፕሮጀክትም ገንዘብ ጨመረበት። ቦዩ ተጠረገ፣ አሸንዳው ተቀየረ፣ ድንጋዩ እንደገና ተወቀረ። አሁን ይፈጫል። ዱቄቱ ስለማይግል እናቶችም ወደውታል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ቅር ያሰኘኝ የምረቃው ባነር ነው። ወፍጮው "የተሠራው" ዘንድሮ ነው ይላል። ያን ሁሉ ገደል ዞሮ የሚመጣውን ቦይ በዶማና በአካፋ ማን እንደቆፈረው አንድ ቃል የለበትም። ባነሩን እንኳ ዝናብና ፀሐይ ይበሉታል፣ ግድ የለም። ግን ሌላ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ "የወፍጮው ታሪክ" ተብሎ የሚወጣው ከሪፖርት ላይ ያው ቃል ነው።

እኔ የምለው፣ ታሪኩን ራሳችን አጣርተን በዚህ በጋ እንጻፈው። ይህን ስል "አንተ ልጅ፣ ታሪክ አይበላም፣ ስለ ዘር ንገረን" የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይበላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የውሃ ወፍጮ ማለት ሳያስቡት የተሠራ የውሃ መለኪያ ነው። ውሃው በአሸንዳው ወርዶ ከታች የተጋደመውን ተሽከርካሪ ይመታል፣ ተሽከርካሪው ቀጥ ባለው ዘንግ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል፣ የታችኛው ድንጋይ አይነቃነቅም። ጥርስ የለው፣ ቺንጋ የለው። ውሃው ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ድንጋዩ ይቆማል፣ በቃ። ስለዚህ አንድ አባት "ድሮ ወፍጮው እስከ ሚያዝያ ይፈጭ ነበር" ካሉኝ፣ የነገሩኝ ስለ ወፍጮ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በሚያዝያ በቦዩ ውስጥ ቢያንስ ድንጋይ የሚያዞር ውሃ እንደነበረ ነው የነገሩኝ። ይህን የሚነግረን ሌላ መዝገብ በቀበሌያችን የለም።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። ቦዩ ቀጥ ባለበት ቦታ 10 ሜትር ለኩ፣ ቅጠል ጣሉበት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ቅጠሉ በ16 ሰከንድ ከደረሰ ላዩ ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 0.62 ሜትር ያህል ነው። ከሥር ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.8 አባዙት፣ 0.5 ይሆናል። ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው በየሰከንዱ 50 ሊትር ያልፋል ማለት ነው። ይህ ውሃ ከ4 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ጉልበቱ 50 በ4 በ9.8 ተባዝቶ 1,960 ዋት ነው፣ ወደ 2 ኪሎ ዋት። የእንጨት ተሽከርካሪ ከዚህ ለድንጋዩ የሚያደርሰው ቢበዛ ግማሹን ነው፣ ቀሪው ይረጫል። እንግዲህ የእኛ ወፍጮ ሊቆም ሲል በቦዩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ ዘንድሮ ብንለካ፣ አባቶች ደግሞ "ድሮ በዚህ ወር ነበር የሚቆመው" ቢሉን፣ ያኔና ዛሬን ማወዳደር እንችላለን። የቀነሰው በዝናቡ ነው፣ በባሕር ዛፉ ነው ወይስ ከላይ በተተከለው ሞተር? እሱን ለብቻው አይነግረንም። ነገር ግን "ውሃው እኮ ድሮም ይኸው ነበር" የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

ክርክሩ ደግሞ ደርሷል። ከላይ ሽንኩርት የሚያለሙት በሞተር ይስባሉ፣ ከታች ወጣቶቹ ወፍጯችን ቆመብን ይላሉ። ሁለቱም የእኔ ደንበኞች ናቸው፣ አላዳላም። ግን ስብሰባው ላይ አንድም ሰው ወረቀት ማውጣት አልቻለም። ከአባቶች ሁለቱ የውሃ አባት በነበረበት ጊዜ ሌሊት ለወፍጮ፣ ቀን ለመስኖ የሚል ደንብ ነበር ብለዋል። ወፍጮ ውሃ አይጠጣም፣ ያዞረበትን መልሶ ይለቃል፣ ስለዚህ ከወፍጮው በታች ያለው ማሳም በዚያው ውሃ ይለማ ነበር። ይህ ደንብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ስብሰባው በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር። ስላልተጻፈ "ማን አየ?" ተባለና ተበተነ።

ጠለፋውም ሌላ ነው። የድሮው ጠለፋ ለምን ያን ያህል ከላይ እንደተሠራ መጀመሪያ ማንም አልጠየቀም ነበር። በኋላ አንድ አዛውንት ከሥር የነበረውን ጎርፍ እንደወሰደው ተናገሩ። ድንጋዩም እንዲሁ። ከየትኛው ገደል የወጣ ጥቁር ድንጋይ ዱቄት ውስጥ ጠጠር እንደማይጥል የሚያውቁት አሮጌው ወቃሪ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟል።

እንዴት እንመዝግብ? መጀመሪያ ዕቃውን። የተቀየረው አሮጌ ተሽከርካሪ ለማገዶ አይሂድ። እንጨቱ ወይራ ይሁን ጽድ፣ በምስማር የተመታ ይሁን በእንጨት ሽብልቅ የተያያዘ፣ ይህ ሁሉ ሠሪው ማን እንደነበረና መቼ እንደተሠራ ይጠቁማል። ፎቶ ስታነሱ ከጎኑ የዶማ እጀታ ወይም እስክርቢቶ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

ቀጥሎ ሰው። አባቶቻችን ዓመተ ምሕረት ላያስታውሱ ይችላሉ፣ ዘመኑን ግን በሌላ ያውቁታል። "ጣሊያን ሲገባ" ካሉ 1928 ነው፣ "ሲወጣ" ካሉ 1933። "መሬት ለአራሹ ሲታወጅ" ካሉ የካቲት 1967፣ "የጃንሆይ ብር ሲቀየር" ካሉ 1969፣ "ያ ክፉ ድርቅ" ካሉ ደግሞ የ66ቱ ነው ወይስ የ77ቱ ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ አንድ ሰው "ወፍጮው የተጀመረው ታላቅ ወንድሜ በተወለደ ዓመት ነው፣ ጣሊያን ሲወጣ ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ነበር" ቢል 1930 ገደማ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። የማስፈጫው በእህል ነበር በገንዘብ? በማርትሬዛ ብር ነበር ከተባለም ያው አንድ ምልክት ነው። አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን እንደ እውነት አትዝጉት፣ ሌላ ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ። አብረው ከተቀመጡ ታላቁ የተናገረውን ሌላው "ልክ ነው" ይላል፣ ባህላችን ነው።

እናቶችን ጠይቁ። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እስካሁን የተጠየቁት ወንዶች ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ስለ ባለቤቱና ስለ ሙግቱ ያወራሉ። በመጅ ተንበርክኮ የሚፈጨው ግን ማን ነበር? እህል ተሸክሞ ወርዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ወፍጮ ቤት ደጅ ያደረው ማን ነበር? አንዲት እናት ወፍጮው ከመጀመሩ በፊት እናታቸው ገና ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው እስኪነጋ ይፈጩ እንደነበር አጫውተውኛል። ቦዩ ሲቆፈርም ወንዶቹ "ደቦ ነበር" ያሉትን እሳቸው "ምን ደቦ፣ ግዴታ ነበር እንጂ፣ ያልመጣ ይቀጣ ነበር" አሉ። ታዲያ የቱን እንጻፍ? ሁለቱንም፣ ማን እንዳለው ጨምረን። ደስ የሚለውን ብቻ ከጻፍን ከባነሩ በምን ተሻልን?

ሦስተኛው ወረቀት ነው። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የአያት የግብር ደረሰኝ፣ የውል ወረቀት፣ የሙግት ውሳኔ አለ። ወረቀቱን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን፤ ፎቶ ብቻ ይነሳ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሷቸው የአገራችን ፎቶዎችም አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝተው ተመራማሪዎች ይጠቀሙባቸዋል። የእኛ ሸለቆ በዚያ ውስጥ ካለ ቦዩ ያኔ ተቆፍሮ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይለያል። ይህን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆቻችሁ ቢከታተሉት ደስ ይለኛል።

ሌላው ሲጽፍልን ምን እንደሚቀር ለማየት አንኮበርን እንይ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የአልባኒያ ሰው እዚያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ቆመ። ይህን የምናውቀው በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ስለጻፈው ነው። ካህናቱ ራሳቸው ምን አስበው ነበር? ቦይ ጠራጊው፣ እህሏን ይዛ የመጣችው ሴትስ? የእንግዳው ቃል ብቻ ቀረ። በእንግሊዝ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1086 ንጉሡ ለግብር ብሎ ባስጻፈው መዝገብ ላይ ወደ 6,000 የሚጠጉ ወፍጮዎች አሉ፤ ዛሬ ወፍጮ የሚያድስ ሰው ከዚያ ይጀምራል። ለግብር የተጻፈ እንኳ ይህን ያህል ከጠቀመ!

ድምፅ ስትቀዱ አስፈቅዱ። የተቀዳውን የሰውየውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ከአንድ በላይ ስልክ ላይ አስቀምጡ፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥም ይወድቃል። ዋናው ግን ደብተር ነው። አንዱ ወፍጮ ቤት፣ ሁለተኛው ቅጂ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። የወፍጮው ኮሚቴ ከዘንድሮ ጀምሮ ድንጋዩ የተወቀረበትን፣ ውሃው ያነሰበትንና ወፍጮው የቆመበትን ቀን በዚያው ይጻፍ። በወር አንድ መስመር ይበቃል።

እኔ በበኩሌ ከጥር ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ ቦዩን እለካለሁ፣ ሜትርና ገመድ አለኝ፣ ሁለት ሰው ቢያግዘኝ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። ከአሁኑ በፊት የነበረው የላይኛው ድንጋይ አንድ ሰው ደጅ መቀመጫ ሆኗል ይባላል። የማን ቤት እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ። አልወስደውም፣ ለክቼ ፎቶ አንስቼው እመለሳለሁ።