አህያውን ፈርተው ዳውላውን

የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ የሚያውቅ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው በአዳኝ ዓሣ ላይ ቢጨክን አይገርምም። በ1950ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከሌላ ውኃ አምጥተው የጨመሩት ናይል ፐርች የሐይቁን ነባር ዓሦች ፈጅቷቸዋልና። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያና በስኔክ ወንዞች የተያዘው ክስ ግን ሌላ ነው።

በዚያ ተከሳሹ ፓይክሚኖ የሚባል የወንዙ ተወላጅ ነው። ከ1990 ወዲህ እርሱን አጥምዶ ለሚያመጣ ሽልማት ተመድቧል፤ በቅርብ ዓመታት ክፍያው በአንድ ዓሣ ከ6 እስከ 10 ዶላር ደርሷል። እስካሁን ከ5 ሚሊዮን በላይ ተለቅሟል። ወንጀሉ ወደ ባሕር የሚወርዱትን የሳልሞን ጫጩቶች መብላቱ ነው። መብላቱንስ ማን ካደ? ነገር ግን ሁለቱ ዓሦች በአንድ ወንዝ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖሩ ሳልሞን አልጠፋም ነበር።

ቀድሞ በፀደይ የሚቀልጠው በረዶ ወንዙን ሞልቶ ጫጩቱን በፍጥነት ወደ ባሕር ያደርሰው ነበር። ዛሬ ከአይዳሆ ተራሮች የሚነሣው ጫጩት 8 ግድቦችን ማለፍ አለበት። ከየግድቡ ጀርባ የተኛው ውኃ ቀርፋፋና ሞቃት ነው፤ ጉዞው ይረዝማል፣ ሙቀቱም አዳኙን ይበልጥ በላተኛ ያደርገዋል። ከተርባይን የተረፈው ጫጩት ዞሮበት ከግድቡ ግርጌ ብቅ ሲል ፓይክሚኖው እዚያው ይጠብቀዋል። ታዲያ ገበታውን ማን አሰናዳው?

ሽልማቱን የሚከፍለው የግድቦቹን ኤሌክትሪክ የሚሸጠው የቦንቪል የኃይል አስተዳደር ነው! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። በዘመቻው ሳቢያ አዳኙ የሚበላው በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል ይላሉ። ይሁን፤ ከአዳኝ አፍ የዳነው ግን ቀጣዩ ግድብ ይጠብቀዋል። በ1992 አይዳሆ ወዳለው ሬድፊሽ ሐይቅ የተመለሰው ሶካይ የተባለው የሳልሞን ዘር አንድ ብቻ ነበር። አንድ ወንድ፣ ያለ እንስት!

ግድቦቹ ጭስ የሌለው ኃይል፣ ለስንዴ ጫኝ ጀልባዎችም መንገድ መስጠታቸውን አልክድም። ሆኖም በታችኛው ስኔክ ላይ ያሉት፣ የመጨረሻው በ1975 የተጠናቀቀው 4 ግድቦች ሊከፈቱና ወንዙ ሊለቀቅ ይገባል ባይ ነኝ። በ1855 ውል የማጥመድ መብታቸው የተጻፈላቸው ኔዝ ፐርስን የመሰሉ ነባር ሕዝቦች ዕዳውን ሲከፍሉ ኖረዋል። በ2023 ማብቂያ መንግሥት ሳልሞንን ለመታደግ ከእነርሱ ጋር ተስማማ፤ በ2025 አጋማሽ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከስምምነቱ ወጡ። የፓይክሚኖ ለቀማው ግን በዚያም ዓመት አልተቋረጠም።