የመስቀሉ እንጨት ምን ዛፍ ነው?

በደመራ ማግስት ማለዳ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ወደ ገርጂ በእግርዎ ቢሄዱ፣ በየሠፈሩ መግቢያ ገና የሚጤስ ዐመድ ያገኛሉ። ምእመናኑ ከዚያው ዐመድ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው በግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት ይሠሩበታል። ዐመዱ በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያስበው ግን የለም። እኔም አንዲት ተማሪዬ ባታሳስበኝ ኖሮ ባላሰብኩት ነበር።

ልጅቱ ከበዓሉ በኋላ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ የግሸኑ ግማደ መስቀል በማይክሮስኮፕ ቢታይ ከኢየሩሳሌም መምጣቱ ይታወቃል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጓደኞቿ አጉረመረሙ፤ ድፍረት መስሏቸው ነው። በኋላ ለብቻዋ ሳነጋግራት የጥያቄው ምክንያት ከቤት መሆኑን ነገረችኝ። አያቷ አንድ የእንጨት የአንገት መስቀል አላቸው። «ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው» ይላሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ከመርካቶ ነው» ይላል። በዚህ የተነሣ እማማና የልጅ ልጃቸው ከተኰራረፉ ሰነባብተዋል።

እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን በግብፅ በኩል ተገኝቶ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በአምባሰል በምትገኘው የመስቀል ቅርጽ ባላት በግሸን አምባ ተቀምጧል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ስንቱ ሕዝብ ያን ተራራ እንደሚወጣ ለአንባቢ መንገር አያሻም። እንጨቱ ለምርመራ የሚቀርብ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን «ቢታይስ ኖሮ?» ብለን እንያዘው።

እንጨት ሲሞት ቅጠሉንና አበባውን ያጣል እንጂ የውስጥ አሠራሩን አያጣም። በምላጭ እጅግ ስስ አድርገው ልጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ወይራ ውሃ ያሳልፍባቸው የነበሩ ጥቃቅን ቧንቧዎች ተደርድረው ይታያሉ። ፈረንጆች ፓይን የሚሉት ዛፍ ግን እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች የሉትም፤ ያሉት ጠባብ ቃጫዎችና የሙጫ ቦዮች ናቸው። የእኛው የሐበሻ ጥድ ፓይንን ቢመስልም የሙጫ ቦይ የለውም። እንግዲህ የዛፉን ወገን ለመለየት የጥፍር ታህል ስባሪ ትበቃለች ማለት ነው።

በአውሮፓ ይህ ተሞክሯል። በዚያ በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉት የመስቀሉ ስባሪዎች ቢሰበሰቡ አንድ መርከብ ይሞላሉ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሻርል ሮኦ ደ ፍለሪ የሚባል ፈረንሳዊ የሕንጻ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 የታወቁትን ሁሉ መዝግቦ ቢደምር 4 ሊትር እንኳ አልሞሉም። መርከቡ ቀርቶ አንዲት ትንሽ ጀሪካን አይሞላም! እንጨቱንም ፓይን ነው አለ። ከእርሱ በኋላ ደግሞ በሮም፣ በፓሪስ፣ በፒሳና በፍሎረንስ ያሉ አራት ስባሪዎች ታይተው ወይራ ናቸው ተብሎ ተጻፈ። በመስቀሉ ራስጌ የተቸነከረው ጽሕፈት ነው ተብሎ በሮም የሚከበረው ሰሌዳ የዋልነት እንጨት ነው፤ በ2002 በካርቦን ተለክቶ ዕድሜው በ980 እና በ1146 መካከል ሆኖ ተገኘ። ዛፉን ማወቅና ዘመኑን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ዋልነት በጌታ ዘመንም ነበረ፤ ዛፉ ብቻውን ቢጠየቅ ኖሮ ምንም ባልተናገረ።

ስምም ማስረጃ አይደለም። በቈላችን የሚበቅለው ቁርቁራ በላቲን ስሙ «የክርስቶስ እሾህ» ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ትውፊት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። በፓሪስ የሚጠበቀውና በ2019 ከኖትር ዳም ቃጠሎ የተረፈው የእሾህ አክሊል ደግሞ አሁን አንድም እሾህ የለውም። የተጠቀለለ የረግረግ ሣር ነው። በቀዳም ሥዑር ቄጠማ በራሳችን ላይ የምናስረው እኛ ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ የእኛ ቄጠማ ትርጉሙ የኖኅ ብሥራት ቢሆንም።

አሁን ወደ ግሸን እንመለስ። ስባሪው ፓይን ቢሆን፣ በአገራችን በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን ስለሌለ፣ ከውጭ አገር ለመምጣቱ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ወይራ ቢሆንስ? በደብረ ዘይት ተራራ ያለው ወይራና በአምባሰል ያለው ወይራ በዕፀዋት ሊቃውንት አቈጣጠር የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ ለይቶ ይኸኛው የዚያ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ለመጽሐፍ ቅዱስ አገር ከሁሉ የቀረበው እንጨት ስለ ቦታው ከሁሉ ያነሰ ይናገራል ማለት ነው። ተማሪዬ ይህን ስነግራት ቅር አላት፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ቅር ብሎኛል።

አፍ አውጥቶ የሚናገረው እንግዳ ዛፍ ነው። ከየካ ተራራ ጀምሮ አዲስ አበባን የከበበው ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «በጎንደር ዘመን የተጠረበ» ብሎ መስቀል ቢያቀርብልዎና እንጨቱ ባሕር ዛፍ ሆኖ ቢገኝ፣ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማይክሮስኮፕ በአምስት ደቂቃ ይቈርጠዋል።

በ1994 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት ከስኮትላንድ፣ ከኤድንብራ ከተማ ሲመለስ፣ ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ በእልልታ የተቀበለው ሕዝብ ያየው መጎናጸፊያውን ነው። ታቦቱን ገልጦ እንጨቱን ማየት ለምእመን አይፈቀድም፤ እኔም ማየት አለብኝ አልልም።

የአያትየውን መስቀል ግን ለማየት ፈቃደኛ ነበርኩ። ልጅቱን፣ «ከጠርዙ ትንሽ መላጥ አለበት፤ አስፈቅጂ» አልኳት። በማግስቱ ባዶ እጇን መጣች። እማማ፣ «አርባ ዓመት የሳምሁትን በምላጭ?» ብለው መስቀሉን ወደ ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት አሉ። ወንድምየውም በበኩሉ፣ «ወይራ ቢሆንስ? የወይራ መስቀል መርካቶም ሞልቷል» አለ።

በነገሩ እርሱም አልተሳሳተም።